ቁና ይዤ ከኮልፌ እስከ መናገሻ ማዶ

ከኮልፌ የወጣነው በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ጭጋጉ ከወንዙ ሳይነሳ ነው። እኔ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ፣ ጨው የተጫኑ ሁለት አህዮቻቸውም ከኛ ጋር። እናቴ እህል የምትሰፍርበት ቁና በነጠላ ተጠቅልሎ ጀርባዬ ላይ ታስሯል። ዘመኑ ጣልያን አዲስ አበባን የያዘበት፣ የየካቲቱ እልቂት ሐዘን ገና ከየቤቱ ያልወጣበት ነበር። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነበርና ከጉዞው እንደተመለስኩ ያየሁትን በእርሳስ ጫር ጫር አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ደብተሩን ሳገላብጠው ጽሑፉ ደብዝዟል፤ መንገዱ ግን ከነድንጋዩ ፊቴ ላይ ነው።

ለምን እንደሄድን አስቀድሜ ላስረዳ።

እናቴ ወይዘሮ ብርቅነሽ በልጅነቷ ከጉራጌ አገር መጥታ ኮልፌ የከተመች ጤፍ ነጋዴ ነበረች። ከመናገሻና ከሆለታ በኩል የሚመጡ ገበሬዎች ወደ መሀል ከተማ ከመዝለቃቸው በፊት እኛ ሰፈር ሜዳ ላይ ያራግፋሉ። እናቴ ከነሱ ገዝታ ለከተማው ሰው ትቸረችራለች። ከጣልያን በፊት በሜዳው ዳር ባለች ዳስ ሥር የገበያ ዳኛ ይቀመጡ ነበር፤ አቶ ገብረየስ ይባላሉ። ከራሳቸው በላይ አንድ ቁና ተሰቅሏል። ገዢና ሻጭ በስፍር ከተጣሉ እህሉን ወደ ዳሷ ይወስዱትና በዚያ ቁና ይሰፈራል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። የተረታውም ሰው ቢያጉረመርም እስከ ቤቱ ነው፤ ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል።

ጣልያን ሲገባ አቶ ገብረየስ ቁናቸውን ይዘው ወደ ገጠር ወጡ። አዲሶቹ ሹሞች ቀረጥ መቅረጥ እንጂ የቁና ነገር ደንታም አልነበራቸው። ሁሉም በየራሱ ቁና መስፈር ጀመረ። ሲገዛ በትልቅ፣ ሲሸጥ በትንሽ የሚሰፍርም በረከተ። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ጎረቤቱን ይጠረጥራል።

አንድ ቅዳሜ ኦቦ ደበላ የሚባሉ የመናገሻ ማዶ ገበሬ፣ የብዙ ዘመን ደንበኛችን፣ አንድ ዳውላ ጤፍ ይዘው መጡ። ዳውላ ማለት ሃያ ቁና ነው። ከቤታቸው ሃያ ሰፍረው የጫኑት በእናቴ ቁና አሥራ ስምንት ሆነ። እንደገና ተሰፈረ፤ አሁንም አሥራ ስምንት።

«ሌባ ነሽ!» አሏት በሰው መሀል።

እናቴ መቀነቷን ይዛ ቀረች። ያቺን ሴት በሕይወቷ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ሰው ተሰበሰበ፣ ግማሹ ለእሷ ግማሹ ለእሳቸው ወገነ። ወዲያው አንድ ጅራፍ የያዘ ባንዳ ደረሰ። ማን አጠፋ ብሎ አልጠየቀም። ኦቦ ደበላን አንገታቸው ላይ ገረፋቸው፣ እናቴን በጅራፉ እጀታ ትከሻዋን መታት፣ ጤፉን አስጭኖ ሄደ። ያን ዕለት የተሰጠን ዳኝነት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ከመናገሻ በኩል አንድም አህያ አልመጣም። መጀመሪያ ሳምንት ቀሩ፣ ከዚያ ወር። ኮልፌ ውስጥ ጤፍ ጠፋ። እናቶች እንጀራውን በማሽላ ደባለቁት፣ ቆይቶም ማሽላው ራሱ ተወደደ። እናቴን ግን ከረሃቡም ከትከሻዋም በላይ ያመማት ያቺ ቃል ነበረች።

«ሂጂና ዳኛውን ፈልጊልኝ» አለችኝ። «ቁናዬን በቁናቸው ይለኩልኝ። ልክ ነው ካሉ ለሰፈሩ ሁሉ ትናገሪያለሽ። ልክ አይደለም ካሉ ደግሞ…»

አልጨረሰችውም።

ከአስኮ እስከ ቡራዩ

ጋሽ ሸምሱ አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ እግራቸው የማይደክም፣ አፋቸውም የማያርፍ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ የሰው ጭነት ሲያመላልሱ ኖረዋል። የይለፍ ወረቀታቸውን ኮፍያቸው ውስጥ አጣጥፈው ይይዛሉ።

በአስኮ ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። የመስቀል ወፍ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ትዘላለች፣ ከዝናቡ የተረፈው ሣር እስከ ጉልበታችን ይደርሳል። ቡራዩ ስንቃረብ ጣልያን የሠራውን አዲሱን መንገድ ተያያዝነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ የተደለደለ፣ ሁለት ካሚዮን የሚያተላልፍ ሰፊ መንገድ ነው። እውነቱን ለመናገር አስደነቀኝ። እንደዚያ ያለ መንገድ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ።

«መንገዱ ያምራል።»

«ያምራል። በድሮው ጊዜ እዚህ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። አህያ ለአህያ እየተገፋፋ ማለፊያ ታጪያለሽ፤ አንዱ ሌላውን ይሳደባል፣ ጭነት ይወድቃል። አሁን ሰፋ። እስቲ እይ፣ ማን ይሄድበታል?»

ዞር ብዬ አየሁ። ከኛ ሁለት አህዮች በቀር ጭነት የያዘ ከብት በመንገዱ ላይ አልነበረም። አልፎ አልፎ ካሚዮን በአቧራ ሸፍኖን ያልፋል። የጫነው ሲሚንቶና ወታደር ነው።

ኬላው ላይ አንድ ሶላቶ፣ ማለት የጣልያን ወታደር፣ ከአስተርጓሚ ጋር ቆሟል። ሶላቶው ነጠላውን አስፈትቶ ቁናውን አገላብጦ አየው።

«ምንድን ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ቁና ነው። እህል ይሰፈርበታል።»

«እህሉስ የታለ?»

«የለም።»

አስተርጓሚው ሲነግረው ሶላቶው ሳቀና ቁናውን እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፋው። እስከ አፍንጫው ዋጠው። እኔም ፈርቼ ነው መሰለኝ ሳቄ አመለጠኝ። አውልቆ መለሰልኝ፣ በእጁም እለፉ አለን። ከኬላው ርቀን ዘወር ስንል ጋሽ ሸምሱ የአህዮቹን ጭነት ዳበሱ። «ጨዉን አውርደው ቢወርሱን ኖሮ ጉዟችን እዚሁ አብቅቶ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ከመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ሁለት ፉርኖ ዳቦ በአንድ የጣልያን ሊሬ ገዝተን፣ ከቤት በያዝነው ቆጮና ሚጥሚጣ ምሳችንን በላን። ሊሬ የሚሠራው እዚያ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ገበሬ ማርትሬዛ ብር ካልሆነ ወይም ጨው ካልሆነ እጁን አይዘረጋም።

ገፈርሳ አጠገብ ያደርንበት ቤት

ማታ ጋሽ ሸምሱ የሚያውቋቸው ቤት አረፍን። የማደሪያችን ዋጋ ሁለት እፍኝ ጨው ነበር። የቤቱ እመቤት ገብስ ቆልተው አቀረቡልን። ጎተራቸው በበሩ አጠገብ ስለነበር ሽታው አፍንጫዬ ገባ፤ የከረመ ጤፍ ነው።

«እማማ፣ ይህ ሁሉ ጤፍ እያለ ኮልፌ ለምን አታወርዱትም? እኛ እኮ ተርበናል» አልኳቸው።

ሴትየዋ ገብሱን ወደኔ እያስጠጉ መለሱልኝ። «ቤት ብናሳድረው አይጥ ይበላዋል። ኮልፌ ብናወርደው ሰው ይበላዋል። አይጥ ቢያንስ አይገርፍም።»

ጋሽ ሸምሱ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሴትየዋም አልሳቁም።

«ዘንድሮ የዘራነው ለአፋችን የሚበቃንን ብቻ ነው» ብለው ቀጠሉ። «ማዶ ያለውን ሜዳ ተውነው። ለማን ብለን እናርሰዋለን? ባሌ በሬውን ሸጠው። ልጄ መንገድ ሥራ ገባ።»

በማግስቱ ጠዋት ስንወጣ ያንን ሜዳ አየሁት። የተንጣለለ ጥቁር መሬት ነው፣ አረም በቅሎበታል። እስከዚያ ድረስ የቁና ጠብ የእናቴና የኦቦ ደበላ ጠብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ሜዳ ካየሁ በኋላ ግን ጀርባዬ ላይ ያለው ነገር ከበደኝ።

መናገሻ፣ ዳኛው ቤት

መናገሻ ጫካው ውስጥ ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጽዱ ሽታ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የትም ቦታ በሸተተኝ ቁጥር ያን ቀን ያስታውሰኛል። ጋሽ ሸምሱ የአህዮቹን ጆሮ እየዳበሱ ዝም ብለው ሄዱ፤ በዚያ በኩል አርበኞችም ጣልያንም ስላሉ ድምፅ ማሰማት ደግ አልነበረም። ከጫካው ወጥተን፣ ሰው እየጠየቅን፣ ከቀትር በኋላ ከተራራው ግርጌ ካለች አንዲት ጎጆ ደረስን።

አቶ ገብረየስን የንብ ቀፎ በእበት ሲለቀልቁ አገኘናቸው። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ገና በሩቁ አይተውኝ፣ «የብርቅነሽ ልጅ ነሽ። አፍንጫሽ ይናገራል» አሉ።

እግራቸውን ስሜ ነጠላውን ፈታሁት። የመጣሁበትን ጉዳይ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። «እናቴ በእርስዎ ቁና ይለካልኝ ብላለች» ብዬ ጨረስኩ።

እጃቸውን ታጠቡ። ሲታጠቡ ቆዩ።

«ቁናዬ የለም» አሉ።

«ተሰረቀብዎ?»

«አይጥ በላው። እዚህ በመጣሁ በዓመቱ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለሁለት ቀን የተጓዝኩለት፣ እናቴ ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቀው፣ ለካ የሌለ ነገር ነበር። «ታዲያ እውነተኛው ቁና የለማ!» ብዬ አለቀስኩ። አቶ ገብረየስ አላባበሉኝም። እስክጨርስ ጠበቁኝና አጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ» አሉ። «የገበያው ሹም ነጋድራሱ የሰጡኝ ቁና በሁለተኛው ክረምት በስብሶ ፈረሰ። ሌላ ላኩልኝ ብዬ ጠየቅኩ። እስኪመጣ ገበያው እንዳይፈታ ብዬ ባለቤቴን ነፍሷን ይማርና 'ይህን የመሰለ ስፊልኝ' አልኳት። ሰፋችልኝ። ሌላው ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስሰፍርላችሁ የኖርኩት በሷ ቁና ነው።»

«ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነበር?»

«እኔ እንጃ። የመጀመሪያው ፈርሷል፣ በምን እለካዋለሁ? ጥቂት ይበልጥ ይሆናል፣ ጥቂት ያንስ ይሆናል።»

ተናደድኩ። እንኳን በዚያ ዕድሜዬ፣ ዛሬም ሳስበው ትንሽ ይቆጨኛል። «አታልለውናል ማለት ነው» አልኳቸው፤ ለሽማግሌ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ጋሽ ሸምሱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ተዋት» አሉ አቶ ገብረየስ። «አዎ፣ መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ኋላ ግን አየሁት። ያ ቁና ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ነበር። ሲገዙም ሲሸጡም አንድ ነበር። እኔ ጤፍ አልሸጥ፣ ጤፍ አልገዛ፤ ቢበልጥም ቢያንስም የምጠቀመው የለኝ። ገበሬው ይህን እያወቀ ነው ከሆለታ ድረስ የሚመጣው። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ጥማድ ያርሳል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃላ!»

«እንግዲያው ይምጡልን» አልኩ። «ተመልሰው ይዳኙን።»

«አልመጣም። ጣልያን ያስረኛል። ባያስረኝም አርጅቻለሁ። ዛሬ መጥቼ ነገ ብሞትስ፣ የማንን ደጅ ልትጠኚ ነው?» በርጩማቸውን ወደኔ አስጠጉ። «ወደ ደበላ ሂጂ። የእናትሽም አይሁን የሱም፤ ሁለታችሁም እያያችሁት አዲስ ቁና ይሰፋ። ጤፍ የማይነግድ ሰው ቤት ይሰቀል። በሌላ ቁና ከሚሰፍር ሰው ማንም አይግዛ፣ ማንም አይሽጥለት። ይኸው ነው። ዱላም ጅራፍም አይፈልግም።»

በማግስቱ ስንለያቸው አንድ ቅል ማር ሰጡኝ። ለእናቴ ሰላምታ ላኩ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ኦቦ ደበላ ደጅ

የኦቦ ደበላ ቤት ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ወንዝ ተሻግረን ቁልቁል ወረድን። ጋሽ ሸምሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ። ኦቦ ደበላ ወጡ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። አንገታቸው ላይ የጅራፉ ሰንበር ሽሮ ነጭ መስመር ሆኗል።

«ደግሞ እዚህ ድረስ መጥታችሁ ልትሰፍሩብኝ ነው?»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ፤ እናቴ ቅን ሰው መሆኗን፣ ለልጆቻቸው ስኳር ስትልክ መኖሯን። ሁሉም ጠፋብኝ።

«ኦቦ ደበላ፣ እናቴ ሌባ አይደለችም ልልዎት ነበር የመጣሁት» አልኩ። «አሁን ግን እውነቱን አላውቀውም። የዳኛው ቁና የለም። የሚያውቅም ሰው የለም።»

ከኋላቸው ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ልጅቷ በእግሯ መጥታለች። አስገባት እንጂ» አሉ።

ገባን። አዴ ጫልቱ የቤታቸውን ቁና አምጥተው ከኛው ጎን አስቀመጡት። የነሱን ሞልተው ወደ እናቴ ቁና ሲገለብጡት አልሞላም፤ እፍኝ የሚሆን ጎደለ። ኦቦ ደበላ በድል አድራጊነት ቀና አሉ። «አላልኩም? የናንተው ትልቅ ነው!»

«ወይም የኛው ትንሽ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ። «ይህን ያሰፋው አባትህ ነው። አባትህ በምን ለካው?»

ኦቦ ደበላ የአባታቸውን ቁና አንስተው አገላበጡት። አዴ ጫልቱ መሳቅ ጀመሩ። «እንግዲህ ያን ሁሉ ጅራፍ የበላኸው በአባትህ ቁና ምክንያት ከሆነስ!» ኦቦ ደበላ ሊቆጡ ሞከሩና አልቻሉም። አንገታቸውን ዳብሰው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነበር ወንበር የሰጡኝ።

ከነሱ ጋር ሦስት ቀን ቆየን። ጥቅምት ስለነበር የስፌቱ ሣር፣ አክርማው፣ ታጭዶ ደርቋል። እኔና አዴ ጫልቱ በሩ አፍ ላይ ተቀምጠን ቁናውን ሰፋነው፤ አንዱን ዙር እሳቸው፣ ቀጣዩን ዙር እኔ። የሳቸው ስፌት ጠበቅ ያለ ነው፣ የኔ ላላ ይላል፤ እየፈቱ አሰፉኝ። በስፌት መሀል የልጅነታቸውን፣ የእናታቸውን፣ በመጀመሪያ ኮልፌ የወረዱበትን ቀን ያወሩልኛል። እኔም ስለ አባቴ አወራኋቸው። ጋሽ ሸምሱና ኦቦ ደበላ ከጎናችን ቆመው ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ይስፋ ይላል፣ ሌላው ይጥበብ። በመጨረሻ በሁለቱ አሮጌ ቁናዎች መካከል የሚሆን ልክ ላይ ተስማሙ። ቀጥሎ ደግሞ ተቆልሎ ነው የሚሰፈረው ወይስ ከአፉ እኩል የሚለው መጣ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ከአፉ እኩል፣ በቀጥ ያለ እንጨት ተጠርጎ እንዲሆን ተስማሙ፤ ቁልል እንደ ሰፋሪው እጅ ነውና።

የከበደው ማን ይያዘው የሚለው ነበር።

«እኔ ልያዘው» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«አንተ ከሁለታችንም የጭነት ዋጋ ትበላለህ» አሏቸው ኦቦ ደበላ።

ካህን ተባለ፣ ሼህ ተባለ፤ አንዱ ለክርስቲያኑ ሌላው ለሙስሊሙ ያደላል ተብሎ ተተወ። አዴ ጫልቱ ቀና ሳይሉ፣ «ሸክላ ሠሪዋስ? ሸዋነሽ?» አሉ።

ሸዋነሽ በኮልፌው ገበያ ዳር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ሰው ድስቷን ይገዛል እንጂ ቤቷ አይገባም፤ ቡዳ ናት ይሏታል። አሳፋሪ ነው፣ ግን ልናገረው፤ እኔም ራሴ በደጇ ሳልፍ ፊቴን በነጠላ እሸፍን ነበር።

«ሰው ይፈራታል» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ከፈሯት ቤቷ ገብቶ ቁናውን የሚነካ የለማ» አሉ አዴ ጫልቱ። «እኔ ከሷ ድስት መግዛት ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ ነው። ስንጥቅ ሸጣልኝ አታውቅም። ጤፍስ ሸጣ ታውቃለች?»

ጋሽ ሸምሱ፣ «ይሁን» አሉ።

መመለስ

ሰኞ ማለዳ ኦቦ ደበላ አንዱን አህያቸውን ጤፍ ጭነው አብረውን ወጡ። «እስቲ አያለሁ» ነው ያሉት፤ ቃል አልገቡም። ገፈርሳ ያደርንበት ቤት ስናልፍ እመቤቲቱ ጭነቱን አይተው፣ «ወዴት ነው እሱ?» አሉ። «ኮልፌ» ሲሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አዲሱን ቁና ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። እስክንርቅ ድረስ ቆመው ያዩን ነበር። ኬላው ላይ ሌላ ሶላቶ ነበር፤ ጤፉን በሳንጃ ወጋ ወጋ አድርጎ አሳለፈን።

ኮልፌ የደረስነው በማግስቱ ከሰዓት ነው። እናቴ ከደጅ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች፣ ከኔ አልፋ ኦቦ ደበላን ስታይ ደግሞ ባለችበት ቆመች።

«ዳኛው ምን አሉ?»

«አልለኩትም እማዬ። ቁናቸው ጠፍቷል።»

«ታዲያ እኔ ሌባ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

በመንገድ ሁሉ የፈራኋት ጥያቄ ይህቺ ነበረች። ልዋሽላት እችል ነበር። ኦቦ ደበላ ቆመው እየሰሙ ነው። «አይታወቅም» አልኳት። «መቼም አይታወቅም።»

እናቴ የኦቦ ደበላን አንገት አየች። እሳቸውም ዝቅ ብላ የቀረችውን ትከሻዋን አዩ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ምን ከደጅ ያስቆምሃል? ግባ እንጂ» አለቻቸው። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቀን፣ ለዚህች አንዲት ቃል ቢሆንም አይቆጨኝም ነበር።

በማግስቱ ሸዋነሽ ቤት ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፏን ተሻገርኩ። ጭቃ ታቦካ ነበር። ጉዳዩን ስነግራት እጇን ከጭቃው ሳታወጣ ሰማችኝ።

«ለምን እኔን?»

«እርስዎ ጤፍ ስለማይነግዱ» አልኳት።

እርስዎ ስላት ቀና ብላ አየችኝ። ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም ነበር። እጇን ታጠበችና ቁናውን ተቀብላ ከድስቶቿ በላይ ሰቀለችው።

በዚያ ቅዳሜ ጤፉን ተሸክማ መጀመሪያ ሸዋነሽ ደጅ የቆመችው እናቴ ነበረች። ሰው ከሩቅ ያያል። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ነጋዴዎች መጡ። አንድ ሀብታም ነጋዴ በራሴ ቁና ነው የምሰፍረው ብሎ ነበር፤ ማንም አልሸጠለትም፣ ወር ሳይሞላ እሱም ተሰለፈ። የገፈርሳዋ እመቤት በጥር ወር አይጥ ያልጨረሰውን ይዘው መጡ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ሲያልፉ ጋሽ ሸምሱ ያን ሜዳ ታርሶ እንዳዩት ነገሩን።

የአቶ ገብረየስን ምስጢር ለእናቴ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። አሁን ሁሉም አልፈዋልና ጻፍኩት።

ጣልያን መንገዱን ትቶልን ወጣ። ጥሩ መንገድ ነበር፣ አልክድም፤ ልጆቼ በሱ ላይ ነግደውበታል። እኔ ግን ያየሁት ያ መንገድ ባዶውን ሲውል ነው። ገበሬ ሜዳውን የሚያርሰው፣ አህያውን የሚጭነው፣ እዚያ ስደርስ ያው ነገር ይጠብቀኛል ብሎ ሲያምን ብቻ መሆኑን ከዚያ ጉዞ ተማርኩ። ያን እምነት አንድ ደግ ሰው ሊጀምረው ይችላል። በአንድ ደግ ሰው ላይ ብቻ ከቆመ ግን አይበረክትም።

ይህኛው የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ እትዬ ሸዋነሽ የሞቱ ጊዜ። በመጨረሻ ዘመናቸው እትዬ የማይላቸው ሰው አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ቀበርናቸው፤ ቀብሩ ላይ ያልተገኘ የኮልፌ ሰው የለም። አርብ ቀኑን ሙሉ ገበያው ይፈርሳል ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ገበሬና ነጋዴ ተሰብስቦ ቁናውን ማን ይያዘው ብሎ ሲከራከር አገኘሁት፤ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይጥላል፣ ጩኸቱ ሌላ ነበር። ቀትር ሳይደርስ በአንድ ሸማኔ ተስማሙ። ሸማኔው ሸማውን አጣጥፎ ተነሳ። ገበሬዎቹ አህያቸውን ማራገፍ ጀመሩ፣ እኔም ከረጢቴን አንስቼ ተሰለፍኩ።